ሐተታ ዘዳንቴል

ቤት ስለማደስ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከቀለም ይጀምራሉ። ከዚያ ወደ ጂፕሰም፣ ወደ ሴራሚክ፣ ወደ ጣሪያ መብራት ይሻገራሉ፤ አንባቢው ኪሱን ዳብሶ ጽሑፉን አጥፎ እስኪያስቀምጥ ድረስ። ይህ ጥናት የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። የአዲስ አበባን ሳሎን፣ በተለይም የወር ደመወዝተኛውን ሳሎን በጥሞና ላስተዋለ ሰው፣ ቤት የሚታደሰው በማልበስ መሆኑ አያጠራጥርም። ሶፋው ልብስ አለው። ጠረጴዛው ልብስ አለው። ፍሪጁ ቆብ አለው። አልጋውማ ከባለቤቶቹ የሚበልጥ የክት ልብስ አለው። በዚህ ቤት ራቁቱን የተገኘ ነገር ቢኖር አምፖሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ስለሚያቃጥል እንጂ ስለተረሳ አይደለም።

የሥርዓቱ መሠረታዊ ሕግ አጭር ነው። አዲስ ዕቃ እንዳያረጅ ይሸፈናል፤ ያረጀ ዕቃ ደግሞ እርጅናው እንዳይታይ ይሸፈናል። ሁለቱ ምክንያቶች ተቃራኒ ሆነው ሳለ ውጤታቸው አንድ ጨርቅ መሆኑ ከፈላስፎች ዘንድ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ይበልጥ የሚያስደንቀው በሁለቱ መካከል ክፍተት አለመኖሩ ነው። ሶፋው «አዲስ ነውና ይሸፈን» ከሚባልበት ዘመን «አርጅቷልና ይሸፈን» ወደሚባልበት ዘመን የተሻገረበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ በዚያም ቀን ተሸፍኖ ነበርና። ስለዚህ የአንድን ሶፋ እውነተኛ ቀለም አይቶ የሚመሰክር ሰው ቢፈለግ የሚገኘው የሸጠው ነጋዴ ነው።

ለምን ጨርቅ ተመረጠ? መልሱ የሚጀምረው ከንብረት ሕግ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው የከተማ ሰው በቀበሌ ቤት ኖሯል፤ ግድግዳው የእሱ አይደለም። ከግለሰብ የተከራየውም አልተሻለውም፤ አከራዩ የኪራዩን ዋጋ ከተናገረ በኋላ የሚያስከትለው ቃል «ሚስማር መምታት የለም» የሚል ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ዕድለኛ እንኳ ቁልፉን ሲረከብ የሚጠብቀው የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ለቅድሚያ ክፍያ ከዘመድ ተበድሮ ለወለል የሚተርፈው ሰው ጥቂት ነው። በግድግዳው ላይ ሥልጣን የሌለው ሰው ሥልጣኑን ሁሉ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ያውላል። ጨርቅ ፈቃድ አያስጠይቅም፤ ግድግዳ አይበሳም፤ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» የተባለ ቀን ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ግድግዳ ፈጽሞ አልለበሰም ማለት ግን አይደለም። በጭቃ ቤት ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ ምርጉን ሸፍኗል፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ተጋድመው የሚያነቡት፣ ዜናውን ከራስጌ ጀምረው ቀሪውን ከቁም ሣጥን ጀርባ ያጡ አንባቢዎችም ነበሩት። ኮርኒሱም በአቡጀዲ፣ ኋላም በማዳበሪያ ለብሷል። ይህ ዘርፍ ራሱን የቻለ ተመራማሪ ስለሚያስፈልገው እናልፈዋለን።

የቤት አልባሳት በስድስት ይከፈላሉ፦ የሚቀመጡበት፣ የሚተኙበት፣ የሚረግጡት፣ የሚጋርደው፣ ላስቲክ የሆነው፣ እና ምንም የማያደርገው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ጥቅም ስላላቸው ለምርምር አይመቹም፤ ጥቅማቸው ሲነገር ነገሩ ያልቃል። ስድስተኛው ግን ዳንቴል ነው። ዳንቴል አቧራ ይከላከላል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ዳንቴሉን ወደ መስኮት አንሥቶ በማየት ይዘጋል፤ ቀዳዳው ከክሩ ይበዛል። ይልቁንም አቧራው በቀዳዳዎቹ በኩል አልፎ ከሥሩ ባለው ዕቃ ላይ የዳንቴሉን አበባ ቅጂ ያትማል፤ ዳንቴሉ ለማጠቢያ ሲነሣ ቅጂው ቦታውን ይጠብቅለታል።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሥሩም በዚያ ቋንቋ ጥርስ ነው። እንደ አንድምታ ሊቃውንት ልማድ እንፍታው ብንል፦ ጥርስ መባሉ ጠርዙ የትንንሽ ጥርስ ድርድር ስለሚመስል ነው። አንድም፣ ጊዜ ስለሚበላ ነው። አንድም፣ ልጅ በእንጀራ እጁ የነካው እንደሆነ የእናት ጥርስ ስለሚታይ ነው፤ ያውም በሣቅ አይደለም። አሠራሩ በኪሮሽ ነው። መሐል ላይ ከአንዲት ቋጠሮ ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል፤ የሚሠራውም ቡና እስኪፈላ፣ ድራማው እስኪያልቅ፣ የሄደ ሰው እስኪመለስ በሚባለው፣ ማንም በማይቆጥረው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ጣቱን ያወጣል፦ ይህን ሁሉ ሰዓት በገንዘብ ብንተምነው ዳንቴል ከጂፕሰም ይወደዳል፤ ታዲያ ርካሽነቱ ምኑ ላይ ነው? ተቃውሞው ከባድ ይመስላል፣ ግን ዳንቴል ሲሠራ ያላየ ሰው ተቃውሞ ነው። ዳንቴል የወሬ ተረፈ ምርት ነው። የጎረቤቱ ጉዳይ ያለ ኪሮሽ ሲወራ ሐሜት ይባላል፤ በኪሮሽ ሲወራ ግን ሙያ ነው። ወሬው በማናቸውም ሁኔታ ይወራ ስለነበር የሠራተኛው ሰዓት ወጪ ዜሮ ነው፤ የቀረው የክሩ ዋጋ ነው። ሒሳቡ በዚሁ ተዘግቷል።

ከዳንቴል ዓይነቶች ሁሉ በላይ የሆነው የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ነው፤ ይህ ጥናት ሌላውን ሁሉ ቸል ብሎ ወደዚህ ሲቸኩል የቆየውም ስለዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም ወደ ብዙ ሰው ቤት ሲዘልቅ፣ ዕቃው ሰፊ ጫንቃና ጉብ ያለ ጀርባ ነበረው። ከሳሎኑ ንብረት ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ውድ ነገር ደግሞ ራቁቱን አይቀመጥም። የቴሌቪዥኑ ጫንቃ አራት ማዕዘን ነው፣ ዳንቴሉም አራት ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ጥግን ከጥግ ማግጠም ይቻላል። ይህ ግን የጀማሪ አሠራር ነው። የሠለጠነ እጅ ዳንቴሉን አዙሮ ያነጥፈዋል፣ አንደኛው ማዕዘን ከፊት በመስታወቱ ላይ እንዲወርድ። የወረደው ሦስት ማዕዘን ልክ የቤቱን ጠባይ ይናገራል። ሁለት ጣት የወረደ እንደሆነ ቤቱ ቆጣቢ ነው። ስንዝር የሞላ እንደሆነ ባለሙያ ሴት አለችበት። ከስንዝር ያለፈ እንደሆነ ባለሙያዋ አማት ናት፣ ዳንቴሉም ስጦታ ነው፤ ማሳጠር አይታሰብም። በዚህ በሦስተኛው ዓይነት ቤት ያደገ ልጅ ዜና አንባቢዎችን የሚያውቀው ከግንባራቸው በታች ነው፤ የፀጉር አሠራራቸው ጉዳይ ለቤተሰቡ ምሥጢር ሆኖ ይኖራል።

እግር ኳስ ችግሩን አባባሰው። በወዲያኛው መስመር የሚሮጠው የክንፍ ተጫዋች ኳስ ይዞ ከዳንቴሉ ሥር ይገባና ይሰወራል፤ በማዶ ሲወጣ ኳሷ ሌላ ሰው ጋ ናት። በመሐል ምን እንደተፈጠረ፣ ጥፋት ይሁን ስህተት፣ ቤቱ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። ከዚህ የተነሣ በአባትና በእናት መካከል በጽሑፍ ያልሰፈረ ውል ተፈጠረ፦ ጨዋታ ሲጀመር ማዕዘኑ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ይወርዳል፤ ጭማሪ ሰዓት በልመና ነው። በማኅተም የጸደቁ ስንት ውሎች ሲፈርሱ ይህ ውል ቴሌቪዥኑ ራሱ እስኪበላሽ ጸንቷል። በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ይቆማል፤ ተግባሩ ዳንቴሉ እንዳይንሸራተት መያዝ ሲሆን፣ የዳንቴሉ ተግባር ማስቀመጫው ቴሌቪዥኑን እንዳይጭር መከላከል ነው። አንዱ ባይኖር ሌላው ባላስፈለገ ነበር። አበባው የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ በሌሊት አውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይበራል፣ የሳሎናችን ጽጌረዳ ደግሞ በመርከብ ከቻይና ይመጣል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። ሆኖም የዝዋዩ ጽጌረዳ በሳምንቱ ይጠወልጋል፤ የእኛው ግን በየዓመት በዓሉ በኦሞ እየታጠበ ልጆች ድሮ የልጅ ልጅ ያያል።

ከዚያ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን መጣ። ጫንቃ የለውም። የእጅ ጣት በማታክል ጠርዝ ላይ ዳንቴል ማንጠፍ አይቻልም፤ በፕላስተር ከኋላ ለማጣበቅ የተደረገው ሙከራም ፕላስተሩ በሞቀ ቁጥር ከሸፈ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አንድ ሙሉ የጥበብ ዘርፍ መሬት አጣ። የስደቱ የመጀመሪያ ማረፊያ ሪሲቨሩ ነበር። ሪሲቨር ጠፍጣፋ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ለዳንቴል የተፈጠረ ይመስላል፤ ችግሩ በጀርባው ላይ ያሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ናቸው። ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩም ጽጌረዳ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት የሠራ ሪሲቨር ይግላል፤ ሲግል ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤቱ ግን ምክንያቱን በሰማይ ይፈልጋል። «ዲሹን ነፋስ አዙሮታል» ይባላል፤ ወጣቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ከታች «አሁን መጣ፣ አሁን ሄደ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እየተባለ ይጮኻል። እሱ ከጣሪያ እስኪወርድ ሪሲቨሩ ቀዝቅዞ ምስሉ ይመለሳል፣ ምስጋናውም ለወጣቱ ይሆናል። ዳንቴሉ አንድም ቀን አልተጠረጠረም። አሁን አብዛኛው ዳንቴል ሳሎን ውስጥ በሚቀመጠው ፍሪጅ ላይና በሶፋው ክንድ ላይ ተጠልሎ ይኖራል፤ የቀድሞ ክብሩን የሚያስታውሰው ግን ዘወትር ከፊት የሚወርደው ማዕዘኑ ነው።

ለዚህ ሥርዓት የሚሰነዘሩ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀሩናል። የመጀመሪያው የዘመናዊዎቹ ነው፦ ባዶነት ውበት ነው፣ ዕቃ ይቀነስ፣ ግድግዳ ይተንፍስ ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውድ ነው እንጂ። ባዶ ሳሎን ሆን ተብሎ ባዶ የሆነ እንዲመስል ጂፕሰም፣ ስውር መብራትና አንድ በጣም ውድ ወንበር ያስፈልገዋል። እነዚህ የሌሉት ባዶ ሳሎን ዕቃው የተሸጠበት ቤት ይመስላል፤ ጎረቤትም ለማጽናናት ይመጣል። ቁጥብነትን ለማሳየት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ያለው አማራጭ ሞልቶ መታየት ነው። ዕቃ አዟዙሮ ማስቀመጥስ ቤት አያድስም ወይ ለሚሉ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ የዲሹ ሽቦ አይደርስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጆች ነው፣ ከበድም ይላል። «ይህ ሁሉ የሚጠበቀው ለማን ነው?» ይላሉ። መልሱ የታወቀ ነው፦ ለእንግዳ። እንግዳው ቀኑና ሰዓቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ ተዘጋጅቶ መኖር ግድ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን እስከ ፍጻሜው የተከተለ ተመራማሪ አንድ አስጨናቂ ነገር ያገኛል። እንግዳው በእርግጥ መጣ እንበል፤ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ገባ፣ «እንቦሳ እሰሩ» ተባለ። ሶፋው ይገለጥለታል ወይ? አይገለጥም። የዘወትሩ ልብስ ተነሥቶ የክቱ ይለብሳል እንጂ። ሶፋው ለእንግዳ ተጠበቀ፣ እንግዳው ግን ያየው የሶፋውን የክት ልብስ ነው። ታዲያ ሶፋው የተጠበቀው ለማን ነው? አንድ መልስ ብቻ ይታየናል፤ እሱም ሶፋው የተገዛው ለልብሱ ሲባል ነው የሚል ነው። ልጆቹ በዚህ መልስ እንደማይረኩ እናውቃለን። አድገው ደመወዝ ሲይዙ የመጀመሪያውን ሶፋ ገዝተው፣ ከነላስቲኩ ቤት አስገብተው፣ «ላስቲኩ ለጊዜው ይቆይ» ሲሉ ግን ነገሩ ይገባቸዋል።

ስለ ቀሩት አምስት የአልባሳት ዓይነቶች በዝርዝር ለመናገር ቃል ባንገባም ዝርዝሩ ሲቀርብ የተጠበቀ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ስለ ሪሞት ላስቲክ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ከላስቲኩ ሥር እንደተጻፉ ሳሉ ላስቲኩ ደብዝዞ የትኛው ሁለት የትኛው አምስት እንደሆነ በዳሰሳ ብቻ መታወቁ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ስለ መጋረጃም እንዲሁ። ግን ዛሬ ዐውደ ዓመት ቀርቧል፣ የቤቱ ልብስ ሁሉ ታጥቦ በግቢው ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ዳንቴሉም በስኳር ውኃ ተነክሮ እንዲደርቅ በሳህን ጀርባ ላይ ተዘርግቷል፤ ጉንዳኖች ቀድመው ደርሰዋል። ለምርምር እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ አይገኝም፤ ሶፋው ራቁቱን ነው። ማንም እንዳይቀመጥበት ተከልክሎ ቤተሰቡ በሙሉ በበርጩማና በምንጣፍ ላይ ሆኖ ያየዋል። አባት ቀለሙ ቡናማ ነው ይላሉ። እናት ሲገዛ ወይን ጠጅ እንደነበር ይምላሉ። ትንሿ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው ትላለች፤ ሄዳም ልታሳይ ትራሱን ልታነሣ ስትል ከውጭ «ዝናብ! ዝናብ! ልብሱን አስገቡ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ልብሱም እርጥብ እንደሆነ ይመለስበታል።