ዝናቡ እስኪያባራ?

ከበርገን፣ ኖርዌይ

ይድረስ ለተከበሩት ወንድም ጋሼ፣ ሐዋሳ

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትና ከዝናብ በቀር ደህና ነኝ። ልጆቹ «ትምህርት ሳይከፈት ባሌን እንያት» ቢሉ፣ እርስዎ «ክረምቱ ይውጣ፣ በታኅሣሥ እንሄዳለን» ብለው ሸኟቸው አሉ። ፍርድዎን በይግባኝ የማየት ሥልጣን እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ በዝናብ ጉዳይ ግን የምኖርበት ከተማ ምስክርነት ሊናቅ አይገባም። በርገን ላይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከሐዋሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የጀመረው እስከ 2007 ጥር ድረስ 85 ቀን ሳያሰልስ ዘንቧል። ኖኅ እንኳ በ40 ቀን ተገላግሏል! የዚህ አገር ሰው «ያባራ» እያለ ቢጠብቅ ኖሮ ሠርግም ቀብርም ባልተደረገ። ሐዋሳ ላይ ግን አንድ ጠብታ ስትወርድ ግማሹ ከተማ በረንዳ ሥር ይገባል፤ ባጃጁም ታሪፉን ይጨምራል።

የኔ ሙግት ባጭሩ ይህ ነው፦ ባሌን በበጋ ማየት ድግሱ አልፎ ዕቃ አጠባው ላይ እንደ መድረስ ነው። አገሩን የሠራው ውኃ ነዋ። ሳነቴ አምባ ላይ በረድፍ የተደረደሩት ድንጋዮች ተራራው በበረዶ ግግር ተሸፍኖ የነበረበት ዘመን ትራፊዎች ናቸው። ዌብ ወንዝ ድንጋዩን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደውን የሶፍ ዑመር ዋሻ አውጥቷል። ወልመልም ወደ ገናሌ የሚወርደው፣ ዋቤ ሸበሌም ከሰሜን በኩል ተነሥቶ ሶማሌ ድረስ የሚጓዘው ከነዚሁ ተራሮች ነው። በመንገዱ መልካ ዋከና ላይ ተገድቦ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቶበታል፤ እርስዎ ዝናቡን እየረገሙ የሚያዩት ቴሌቪዥን በከፊል የሚበራው በዚሁ ዝናብ ነው ማለት ነው። ደግሞም ባሌ ላይ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። የታኅሣሥ ጎብኚ የሚያየው የአገሩን ዋና መልክ ሳይሆን የዕረፍት ጊዜውን ነው።

«የጥንት ሰዎች እንኳ በዝናብ አይጓዙም ነበር» ይሉ ይሆናል። የጥንቱን ካነሡማ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታው ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል፤ ከበላያቸው በረዶ ተቆልሎ፣ በባልጩት መሣሪያ እያረዱ፣ ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ። ጃኬት አልነበራቸውም፤ ቶዮታም እንዲሁ። ለዐረፋ እዚያው ባሌ ወዳለው ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱትን ባለ መንታ ዘንግ ተሳላሚዎችም ያስቡ። የዐረፋ በዓል የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል፤ አንድ ሰው በዕድሜው በጋውንም ክረምቱንም ያገኘዋል ማለት ነው። በዓሉ ክረምት ላይ ሲውል «ዘንድሮ ለታኅሣሥ ይተላለፍልን» ያለ ተሳላሚ አልተሰማም።

አሁን ወደ ከባዱ መከራከሪያዎ፣ ወደ ጭቃው። እስከ ጎባ ያለው መንገድ ብዙ አያሳስብም፤ ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤን አልፎ ጎባ ይገባል። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ሳይርቅ ይታያል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፣ ለዝናብም ደንታ የለው። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው ግን ጥርጊያ ነውና ከዚያ በኋላ የሚታዘዙት ለፓርኩ ጠባቂ ይሁን፤ «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሆንም። ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ እረታለሁ፦ በዶፍ ዝናብ አይሞከርም። ሶፍ ዑመርም በክረምት ወንዙ ይሞላዋል፤ እሱን ለታኅሣሥዎ ለቅቄያለሁ። (ሁለት ነጥብ ሰጠሁዎት፤ ታናሽ ወንድም ከዚህ በላይ ሲሸነፍ አያምርበትም።)

«በጉም ምን ይታያል?» ላሉት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፤ በማለዳ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጉሙን ይቀድመዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት ባሌ ነው። ጉም ውስጥ ቢጠፉብዎትም ተክሉ ጅብራ አይጠፋም፤ እሱ የትም አይሄድ። ብርዱን በተመለከተ ግን ሒሳቡን ገልብጠው ነው የያዙት። ሳነቴ ላይ ክፉው ብርድ የበጋ ሌሊት ነው፦ ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ሁሉ ያመልጣል፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበትም ጊዜ ተመዝግቧል። የክረምት ደመና ሌሊቱን እንደ ቡልኮ ይሸፍናል። ስለዚህ በብርድ ሰበብ ጉዞውን ወደ ታኅሣሥ የሚያዛውር ሰው ወደ ብርዱ እየሄደ ነው።

ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ እዚያው ጉባኤ ላይ የጌዴኦም ገጽታ ተመዝግቧል። ለሐዋሳ ሰው አንዱ በደቡብ፣ አንዱ በምሥራቅ ጎረቤት ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ በረዶ አገር ጎብኚ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቀድሟችሁ ሲደርስ ትንሽ ያሳፍራል።

ጎማውን ያስመርምሩ፤ መጥረጊያው ከተጫጫረ ይቀየር። እትዬን እጅ ይንሱልኝ፤ ቡና መፍያውን አትርሺ ይበሏት፣ ዲንሾ ላይ ያስፈልጋችኋል። ጥላውን ግን ቤት ይተዉት፤ የተራራ ነፋስ ይገለብጠዋል።

ታናሽ ወንድምዎ