ባሕር ዳር በቻርጅ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ዘመድ ጥየቃም ጥናት የሚጠይቅ ሆኗል። ጋሼ በኤሌክትሪክ መኪናቸው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሊሄዱ ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዱሮ ጎማና ዘይት ታይቶ፣ ተማትቦ ይወጣ ነበር። አሁን የሚታየው መንገድ ላይ ሶኬት ያለው ዘመድ መኖሩ ነው። ፍቼ ያለችውን የአክስታቸውን ልጅ ለለቅሶ እንኳ ደርሰውላት አያውቁም፤ ትናንት ደውለው «እንደምነሽ የኔ እናት» ካሉ በኋላ፣ መልሷን ሳይጠብቁ «ቆጣሪሽ ስሪ ፌዝ ነው?» አሏት። የዓባይ በረሃ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው፦ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬኑ ለባትሪው ትንሽ ያበድራል፤ የደጀን ዳገት ከነወለዱ ይቀበላል። ስንት እንደቀረ ዳሽቦርዱ በግልጽ ይናገራል፤ በቻይንኛ። እትዬ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠዋል።