ቤት ተጎትቶ ሲመጣ

ለቦንጋ ሰው እንግዳ ብርቅ አይደለም። የቡናን አገር ልይ ብሎ የሚመጣው፣ ፍል ውሃና ፏፏቴ ልይ ብሎ የሚመጣው፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ጫካ በባዮስፌርነት ከመዘገበው ወዲህ ደግሞ ወፍ ልቁጠር ብሎ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው፣ ሁሉንም ተቀብለናል። ቆጮ አቅርበናል፣ ማር አቅምሰናል፣ ቡናውን እስከ በረካ አጠጥተናል። ቤቱን ከኋላው እየጎተተ የመጣ እንግዳ ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አየሁ። የባዕድ ልጅ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ የገዛ እህቴ ልጅ ነው።

ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ መጣ። ከፊት አንዲት ሱዙኪ ጂምኒ፣ ከኋላ አንድ በያጅ የሠራለት ባለ ሁለት ጎማ የብረት ሳጥን። ሳጥኑ ሲከፈት ጉድ ፈላ። ተጣጣፊ አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሻወር፣ ባትሪ በባትሪ ላይ፣ ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ በዚያ ላይ የ80 ሊትር የውሃ ጋን። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምነው ልጄ፣ የእኛ ቤት ጣሪያ ያፈሳል ብለው ነገሩህ?» አለችው። «አይ አክስቴ፣ እናንተን ላለማስቸገር ብዬ ነው» አላት። ላለማስቸገር! የእህት ልጅ አጎቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተክሎ ሲያድር ጎረቤት ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም። በማግስቱ ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ በውርስ ተጣልተናል የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ቤት ገብቷል።

ይዞ የመጣውን ነገር ደግሞ ስሙት። ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ወደማይለቀው አገር 80 ሊትር ውሃ። ወደ ካፋ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ የሱፐርማርኬት ማር። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ወደቆመበት ከተማ የተፈጨ ቡና በፓኬት፣ ከነማፍያ ማሽኑ። ቡናውን ሲያፈላ ባለቤቴ ጀበናዋን አንስታ ጓዳ ገባች፤ እስከ ማታም አልወጣች።

ይህንን ሁሉ ግን ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት አንዲት ቃሉን ነው። «ይህን ሁሉ ጓዝ ይህችን በምታክል መኪና?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ትጎትታለች እኮ!» አለኝ።

እኔ ጎልማሳነቴን የጨረስኩት በፊያት 682፣ እኛ ኤንትሬ በምንላት፣ መጀመሪያ በረዳትነት ኋላም በሹፌርነት ከነተሳቢዋ ቡና ሳመላልስ ነው። ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር የነበራት፣ ጣሊያኖች የገደሉን አፋፍ ሹፌሩ እንዲያየው ብለው መሪዋን በቀኝ የሠሩላት መኪና። በዚያች መኪና ላይ እንኳ አለቃዬ የነበሩት ሹፌር «ትጎትታለች?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት «ትይዛለች?» ብለው ነው። መጎተትማ ማንም ይጎትታል፤ ዳገት ያቃተው ቆሞ ይቀራል፣ የሞተ የለም። ሰው የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

እስቲ ጂምኒን እንያት። በ1962 ዓ.ም. ጃፓን ስትጀመር 360 ሲሲ ሞተር ነበራት። በ2010 የወጣችው ያሁኗ 1.5 ሊትር፣ 100 ፈረስ ገደማ ጉልበት አላት። ለጭቃ የተፈጠረች ጎበዝ ናት፤ ይህን አልክድም። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገር ውስጥ አይግባ ከተባለ በኋላ ደግሞ ያለው ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቃት ንብረት ናት። ነገር ግን ራሷ የምትመዝነው 1,100 ኪሎ ገደማ ነው። አምራቹ በአውሮፓ ለሸጣት ጂምኒ የጻፈው ልክም ግልጽ ነው፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው እስከ 1,300 ኪሎ፣ ፍሬን ከሌለው 350 ኪሎ ብቻ። በኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ፤ ለውጭ ገበያ የሚላክ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነሳጥኑ ስድስት ጆንያ አይሞላም ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ሳጥን ፍሬን አለው? የለውም። በያጁ «ለምን ይጠቅምሃል?» ብሎታል። ወደ አንድ የቡና መጋዘን ይዤው ሄጄ ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ባዶው 290 ኪሎ፣ ከነጓዙ 600። ልጁ ቁጥሩን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሚዛኑ አሮጌ ነው» አለኝ። እኔም አሮጌ ነኝ፤ ቁጥር ግን አያረጅም።

ፍሬን ይገጠምለትና 1,300 ይጫን የሚል ብልጥ አይጠፋም። ለሱም መልስ አለኝ። ተሳቢ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህሉ በመጎተቻው ኳስ ላይ፣ ማለትም በመኪናዋ ጅራት ላይ ማረፍ አለበት። ለጂምኒ የተፈቀደው ደግሞ 75 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሒሳብ የሚሄድ ሰው 750 ኪሎ ላይ ይቆማል፤ ቀሪው ወረቀት ላይ ያለ ጀግንነት ነው። ያ 75 ኪሎ ደግሞ በነጻ የተሰጠ አይደለም፤ መኪናዋ ራሷ ከምትሸከመው ጭነት ላይ ይቀነሳል። ጂምኒ ከነሙሉ ጭነቷ ከ1,435 ኪሎ ማለፍ የለባትም። አራት ጎልማሳ ከተሳፈረባት የቀራት ቦታ ለአንድ ፌስታል ሙዝ እንኳ ያጠራጥራል። የእህቴ ልጅ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ነው የመጣው። አንደኛው ብቻውን ሁለት ሰው ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። እናንተ አስፋልት ሆነ ብላችሁ ትደሰታላችሁ፤ አስፋልት ቁልቁለቱን አላነሳውም፣ ያለሰለሰው እንጂ። ከአዲስ አበባ ሲነሱ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ገና ከበር ሳይወጣ አጥቷል። ወልቂጤ ታለፈና ወደ ጊቤ በረሃ ይወረዳል፤ ወርዶ ይወጣል። ጅማ ታለፈና ከሸቤ ወዲያ ወደ ጎጀብ ይወረዳል፤ ጎጀብን ተሻግሮ በጊምቦ በኩል ወደ ቦንጋ ይወጣል። ሁለት ጊዜ በረሃ ወርዶ ሁለት ጊዜ ደጋ መውጣት ነው። አያቶቻችን ጠላት እንዳይገባ በግዛታቸው ዳርቻ ጥልቅ ቦይ ቆፍረው በኬላ ያስጠብቁ ነበር ይባላል። እኔ ስገምት ለእንዲህ ያለ ሳጥን የጎጀብ ቁልቁለት ብቻውን ይበቃ ነበር።

የቁልቁለት ሕግ አንድ ነው፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን እያበሰለው ነው፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ብትረግጠው ብትረግመው አንድ ነው። ፍጥነት ሲበዛ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ታቀዘቅዛለህ፣ መልሰህ ትለቃለህ። ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከ40 ወደ 80 ያሳደገ ሰው ሁለት እጥፍ የሆነበት ይመስለዋል፣ ፍሬኑ ግን አራት እጥፍ ይከፍላል። የእህቴ ልጅ ነዳጅ ለመቆጠብ ጊቤን በዜሮ ማርሽ ነው የወረድኩት ሲለኝ ባለቤቴ ተስላ ነበር መሰል እንጂ ዛሬ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር።

ሌላም አለ። «ጋሼ፣ ከ80 ሳልፍ ትንሽ ትወዛወዛለች፣ ነዳጅ ስጨምር ደግሞ ይብሳል» አለኝ፣ ስለ ራስ ምታት እንደሚያወራ ሰው። ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። ጋኑም ማቀዝቀዣውም ባትሪዎቹም ሁሉም ከጎማው ኋላ፣ ጫፍ ላይ ተከምረዋል። በቅሎ ጭኖ የሚያውቅ የካፋ ገበሬ እንኳን ከባዱን ሁሉ ወደ ጭራዋ አይከምርም፤ ሚዛኑን ጀርባዋ መሐል ላይ ይፈልጋል። ተሳቢም እንደዚያው ነው። ከባዱ ነገር ከታች፣ ከጎማው አክስል በላይና ትንሽ ወደ ፊት ይደረግ። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ሳጥኑ የመኪናዋን ኋላ እያነሳ ይገርፋታል፤ አጭር መኪና ደግሞ ለዚህ ጥፊ አትመችም። መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጅ አይጨመርም፣ ፍሬንም በድንጋጤ አይረገጥም፣ መሪውንም ወዲያና ወዲህ አያሯሩጡትም። እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ከዚያ ዳር ይዞ፣ ጎማ ላይ ታኮ አድርጎ፣ ጭነቱን እንደገና መደርደር። ሰንሰለቱም ለጌጥ አይደለም፤ ሁለቱ ከመጎተቻው ዘንግ ሥር ተጠላልፈው መታሰር አለባቸው፣ ኳሱ ቢያመልጥ ዘንጉ አስፋልት ላይ ሳይሆን እነሱ ላይ እንዲያርፍ። የሱን አየሁት። በሲባጎ ነው ያሰረው።

ከተማ ከገባ በኋላ ያደረገውንማ ቦንጋ ሁሉ አይቷል። ተሳቢ በኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ሰፋ ተደርጎ ይዞራል። እሱ እንደ ለመደው ሲታጠፍ የሳጥኑ ጎማ የአንዲት ሴትዮ የሙዝ ክምር ላይ ወጣ። አንድ ባጃጅ ደግሞ በሱዙኪዋና በሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት መንገድ ነው ብሎ ሊያልፍ ሞከረ። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል የባሰ መጣ። ወደ ኋላ ሲነዱ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ሳጥኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዘዴው እጅን በመሪው ታች ላይ አድርጎ፣ ሳጥኑ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት ማንቀሳቀስ፣ ስፖኪዮ እያዩ ጥቂት በጥቂት። ሳጥኑ አጭር ሲሆን ቶሎ ይታጠፋል፤ ከታጠፈ ወደ ፊት ሄዶ ማቃናት እንጂ መታገል የለም። ይህንን ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ስነግረው ሰባት ልጅ፣ ሁለት ሊስትሮና አንድ የማያገባው ዲያቆን ከኔ ተቃራኒ ይነግሩታል። በመጨረሻ ሳጥኑን ፈትተው በሸክም አዞሩለት።

ደግሞ ገና ወደ ፏፏቴው ልውረድ ይላል! በቀይ አፈር፣ በዝናብ፣ ፍሬን የሌለው ሳጥን ከኋላ እየገፋው። ጭቃ ላይ ፎር ዊሉን ከነከባዱ ማርሽ አስገብቶ በዝግታ መውረድ ይቻላል፤ አስፋልቱ ደርቆ ሳለ ግን ፎር ዊል አይገባም፣ የፊቱና የኋላው ጎማ በኩርባ ላይ እኩል ስለማይሄዱ ማርሹን ይጠመዝዘዋል። በዚህ ላይ ተሳቢ ራሱን የቻለ ተሽከርካሪ ነው፤ ስቶፕ መብራትና ፍሬቻ ይሠራለት፣ ይመርመር፣ ይመዝገብ፣ ሰሌዳም ይኑረው። «ቦሎ አለው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሳጥን እኮ ነው» አለኝ። ትራፊክ ፖሊሱም ሳጥን እኮ ነው ይልህ ይሆናል፤ ጠይቀው።

ሰው ነኝና ጨክኜ አልቀረሁም። ውሃውን አፈሰስን፤ ዝናቡ በሰዓቱ ተካው። አልጋውን ቤት አስገባን፤ አልጋ አለን። ምድጃውንና ማሽኑን ባለቤቴ በራሷ መንገድ አስወገደች፤ የት እንዳሉ አልጠየቅኩም። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ። ልጁ ሳቀና፣ «እንግዲህ ስመለስ ቡናና ማር እጭንበታለሁ፣ አይደል ጋሼ?» አለኝ። እሺ፣ እንቁጠር። የተፈቀደው 350፤ ሳጥኑ ባዶውን 290። የቀረው 60 ኪሎ፣ አንድ ጆንያ ቡና፤ ለማሩ ቦታ የለም። አንዷን ጆንያ የጅማ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ የሚጭን ረዳት ሞልቶ ሳለ፣ ለሷ ብሎ 290 ኪሎ ብረት ጎጀብንና ጊቤን የሚያሻግር የእህት ልጅ ለኔ ብቻ ነው የተሰጠው።