ካርዱን ምች እንዳይመታው

አሜሪካዊው ኩባንያ ቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1952 የቤዝቦል ተጫዋቾችን ካርድ ከማስቲካ ጋር ለልጆች በሳንቲም ይቸበችብ ነበር። ያልተሸጠውን፣ የኩባንያው ሰው ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ በ1960 በጀልባ ጭነው ባሕር ውስጥ ደፉት። ከዚያው ዕትም አንዱ፣ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ዛሬማ ካርድ አራስ ሆኗል፤ ፀሐይ አይየው፣ እርጥበት አይንካው። ከውስጥ ስስ ፕላስቲክ፣ ከላይ ደረቅ ፕላስቲክ ይለብሳል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ያለበት ልብስ ግን ነውር ነው፤ ቀስ በቀስ ያበላሸዋላ! ባለቤቱ እጁን ታጥቦ፣ ጠርዙን ብቻ ይዞ ይሳለመዋል። ልጁ «አባዬ፣ እኔም ልየው?» ቢል፣ ከሩቅ!

ጥበቃው ሰምሯል፤ ካርዱ ከፀሐይም፣ ከሌባም፣ ከተሠራለት ከልጁም ድኗል።