አበበስ?

ከታይፎይድ በቅጡ ያላገገመ ሰው ማራቶን ልሩጥ ሲል የሚጠራው ምስክር አንድ ነው፤ አበበ ቢቂላ። እውነት ነው፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ሣር ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁለተኛው ገና መንገድ ላይ ነበር።

የሰፈራችን ጋሼም ግሉኮስ የተሰካበት እጃቸው ፕላስተሩ ሳይነሳ የሩጫ ጫማቸውን ክር ያስራሉ። ባለቤታቸው «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ሽንት ቤት የደረስከው ግድግዳ ይዘህ ነው!» ሲሏቸው መልሱ አጭር ነው፦ «አበበስ?»

አበበማ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ከቶኪዮ አራት ዓመት በፊት ሮምን በባዶ እግሩ ያሸነፈ። እርስዎ ደግሞ በደህናው ጊዜ እንኳ ታክሲ እንዳያመልጥዎ ሮጠው አያውቁም።

ደግሞ ያው አበበ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን ሲያመው 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ወጥቷል፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ይህችኛዋን ታሪክ በሽተኛ ሁሉ ይዘላታል።

ለማንኛውም ጋሼ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ይጨርሱ።