«ቢጫ አድርጌዋለሁ» መልስ አይደለም

«ማታ ማታ ስልካችሁን አሳርፉት» ባልኩ ቁጥር መልስ የሚያጣ ሰው የለም። እሺ፣ ዛሬ መልስ ለመልስ እንግጠም።

«ናይት ሞድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ስክሪኑ ቢጫ ነው እኮ!» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ። ስክሪኑ ቢጫ ሆነ፤ ቲክቶኩስ? አይፎን ላይ ይህ ቢጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2021 ደግሞ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 167 ወጣቶች ላይ የሠሩትን ጥናት አወጡ። ወጣቶቹን በሦስት ከፍለው፣ እጃቸው ላይ መለኪያ አስረው አስተኟቸው፦ አንዱ ቡድን ቢጫውን አብርቶ፣ አንዱ ሳያበራ፣ ሦስተኛው ከመኝታ በፊት ስልክ ሳይነካ። ያበራውና ያላበራው እኩል ወጡ! 7 ሰዓት ገደማና ከዚያ በላይ ከሚተኙት መካከል የተሻለ እንቅልፍ ያገኘው ስልክ ያልነካው ነው። አንተ ልጅ፣ ፈተናህን የሚፈተነው ጭንቅላትህ ነው፤ አስተኛው።

«ሰማያዊ ብርሃን ሰማያዊ ብርሃን ትላላችሁ፤ ሰማዩስ ሰማያዊ አይደል?» አሉኝ እትዬ። አዎ እትዬ፣ ነገሩ እኮ እሱው ነው! ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው በቀን ነው። ዓይናችን ውስጥ መንጋት መምሸቱን ለአንጎል መንገር ዋና ሥራቸው የሆነ ህዋሳት አሉ፤ ብርሃንን በራሳቸው እንደሚያውቁ የተደረሰበት ገና በ2002 ነው። ከሁሉ ቀለም የሚቀሰቅሳቸው 480 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ነው። እነሱ «ነግቷል» ካሉ፣ ሌሊት መሆኑን ለሰውነት የሚናገረው ሜላቶኒን ይዘገያል። እኛ አገር ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ይነጋል፣ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል፤ ሰዓታችንንም የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ታዲያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስክሪን አፍንጫችን ሥር አብርተን፣ አንጎላችንን «ጠዋት 1 ሰዓት ነው» ብለን መዋሸታችን ለምንድን ነው?

«ለ10 ደቂቃ ነው ይህ ሁሉ?» ብሎ ገባ ማንበብ የሚወደው የሥራ ባልደረባዬ። ያነበበው አንድ የቦስተን ጥናት ነው። በ2014 በወጣው በዚያ ጥናት 12 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው፣ ለአምስት ምሽት አይፓድ ላይ፣ ለአምስት ምሽት ደግሞ የወረቀት መጽሐፍ ሲያነቡ አመሹ። በአይፓዱ ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳቸው 10 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው፤ እውነት ነው። ግን ጨርሰህ አንብበዋ! የሰውነታቸው ሰዓት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተገፍቷል፤ ጠዋትም ቶሎ መንቃት አቅቷቸዋል። «እነሱ እኮ በየምሽቱ ለ4 ሰዓት አፍጥጠው ነው!» አለኝ ደግሞ። አንተ ማክሰኞ ማታ በ5 ሰዓት የጀመረውን የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ያየኸው ዓይንህን ጨፍነህ ነው? ከዚያ በኋላ ያው ጎል በስልክ ተደገመ፤ ከዚያ ቴሌግራም ላይ ዳኛው ተሰደበ። የተናደደ ሰው በጨለማም አይተኛም፤ ብርሃኑ ግማሹ ነው፣ ግማሹ የምታየው ነገር ነው።

«የሌሊት ጥቅል ገዝቻለሁ፤ ይቃጠልብኝ?» ይቃጠል! ጥቅሉ ረክሶልህ እንቅልፍህ ተወዶብሃል፤ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ የምትንጋለለው ለዚህ ነው። ፊልም ማውረድ ከሆነ አስጀምረውና ስልኩን ሳሎን ተወው፤ ለመውረድ ያንተን ዓይን አይጠብቅም።

«መነጽር ገዝቻለሁ፣ ሰማያዊውን የሚከለክል።» የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 አሥራ ሰባት ሙከራዎችን ሰብስቦ አይቷል፤ ለእንቅልፍ ይረዳል የሚያሰኝ ቁርጥ ያለ ነገር አላገኘም። ብርህን ለባለ ደወል ሰዓት አውለው፤ «ማንቂያዬ ስልኬ ነው» የምትለዋም በዚያው ትቀርልናለች። አልጋህን እኮ አይቼዋለሁ፤ የቻርጀሩ ገመድ ትራስህ ሥር እንዲደርስ ሁለት ማከፋፈያ ተቀጣጥሎበታል!

«ልጄ አሜሪካ ናት፤ የምትደውለው በሌሊት ነው።» ይህ ልቤን ይነካዋል፣ እማማ፤ የልጅን ድምፅ እንዲተዉ አልነግርዎትም። እሷ ዋሽንግተን ላይ በ11 ሰዓት ከሥራ ስትወጣ እርስዎ ዘንድ እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጆሮ ላይ የተለጠፈ ስልክ ግን ዓይን ላይ አያበራም፤ በድምፅ ይነጋገሩ። መልኳን ቅዳሜ ይዩ፤ እሷ ጠዋት ቡናዋን ስትጠጣ እርስዎ ከሰዓት በኋላ ነዎት።

«ሥራዬ ማታ ነው፣ ላፕቶፕ መዝጋት አልችልም።» ይህኛው እውነተኛ ችግር ነው፤ አልከራከርም። ብራይትነሱን ዝቅ አድርጊ፣ ነጩን የኮርኒስ አምፖል አጥፊና ትንሿን መብራት ከጎንሽ አብሪ። ጠዋት ደግሞ ውጪ። ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ በ2016 በወጣ ጥናት፣ ቀኑን ደማቅ ብርሃን ውስጥ የዋሉ ሰዎች ማታ ለሁለት ሰዓት ታብሌት ላይ ቢያነቡም ሜላቶኒናቸው አልተነካም። የ13 ወር ፀሐይ አለን እየተባለ መጋረጃ ዘግቶ መዋል ምን የሚሉት ነው?

«ልጁ ስልክ ካልያዘ አይተኛም» ያልሽኝ ግን አንጀቴን በላሽው። ይዞስ በስንት ሰዓት ተኛ? «በ6።» አየሽ! ጃፓን ውስጥ በ2014 በወጣ ጥናት፣ ማታ ደማቅ መብራት ሥር የተቀመጡ ሕፃናት ሜላቶኒን ከአዋቂዎቹ በእጥፍ ገደማ ቀንሷል። አንቺን ያላስተኛሽ ብርሃን እሱን ምን ያድርገው? ዛሬ ማታ ስልኩን ተቀበይውና ተረት አውሪለት። አላውቅም ካልሽ አያቱን ጥሪያቸው፤ ጓዳ ናቸው። እሳቸውም ስልክ ይዘዋል፤ እሱንም ተቀበያቸው።