ቀይ ኮከብ ይጨመርልን

እሰይ፣ የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር ገባልን! ድሮ ቅጽን የሚገታው የወረቀቱ ዳር ነበር፤ ኤ-4 ሲያልቅ የአለቃም ጥያቄ ያልቃል። ስክሪን ዳር የለውም፤ ወደ ታች እየሳቡ መሄድ ነው። ጣና ሐይቅ እንኳ ሦስት ሺህ ምናምን ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል።

አሠራሩን በባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት እንየው። ጣናን የወረረው አረም፣ የእምቦጭ፣ ነቀላ ሪፖርት እንበል። ሲጀመር ሦስት መሙያ ሳጥን ይበቃዋል፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ሄክታር። ከዚያ ስብሰባ ይጠራል። ከስብሰባ ሐሳብ ሳይሰጡ መውጣት ነውር ነውና ዕቅድ ክፍሉ «የተሳታፊ ዕድሜ» ያስጨምራል፣ ፋይናንሱ «የበጀት ኮድ»፣ ሕዝብ ግንኙነቱ «ፎቶ ይያያዝ»። ከእያንዳንዱ ጎን ቀይ ኮከብ፤ ካልሞሉ አያሳልፍም። ኮከቧን ለማስቀመጥ አንድ ጠቅታ ይበቃል። የሚሞላው ደግሞ ደንቢያ ወይም ፎገራ ዳር፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ኔትወርክ የሚለምነው ባለሙያ ነው። ምን ያስቸኩለዋል? እምቦጩ እንደሆነ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነው።

ባለሙያውም መላ አያጣም። «የውኃ ጥልቀት» ሲሉት ነጥብ፣ «ያጋጠመ ችግር» ሲሉት ነጥብ፣ «የተሳታፊ ስልክ» ሲሉት 09 እና ስምንት ዜሮ። ሶፍትዌሩ በአረንጓዴ ያመሰግነዋል። ዳሽቦርዱ መቶ በመቶ ያሳያል፤ አለቃችንም በመረጃ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ያስተላልፋሉ፤ በነጥብ ላይ።

ምቀኛ አይጠፋምና «በመጀመሪያው ቅጽ የተሞላው የወረዳ ስም በሚቀጥለው ቅጽ ራሱ ይምጣ፣ ሶፍትዌሩ ይችላል» የሚሉ አሉ። ቢችልስ? የወረዳውን ስም አራቴ ያልጻፈ ሰው ወረዳውን ይወዳል ማለት ይቻላል? ብሔራዊ መታወቂያውን ፋይዳን ተመልከቱት፤ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ ጠይቆ፣ አሻራና የዓይን ብሌን አንስቶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ሰጥቶ ያሰናብታል። እንዲህ ያለ ቁጥብነት ለመሥሪያ ቤት አይመጥንም። ደግነቱ ቁጥሩን ከተቀበልን በኋላ ስም፣ ጾታና የትውልድ ቀን እንደ አዲስ የምናስሞላ እኛ አለን። (በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡ፣ በቢፒአር ጊዜ፣ «ምልልስ ይቀነስ» ተብሎ የሠለጠንነውን የሚያስታውስ ካለ፣ እባካችሁ ዝም በሉ።)

የእኔም ሐሳብ ጭማሪ ነው፤ ቅነሳ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም። አዲስ ሳጥን የሚያስጨምር ኃላፊ አንዲት ሳጥን ይሙላ፦ «ይህን መረጃ ማን ያነበዋል? ምንስ ይወስንበታል?» ኮከቧ ቀይ ትሁን። ነጥብ አይቀበልም።